ለእማማ ውሻ ስም ሲወጣ

«እማዬ፣ ውሻ ‹የኔ ጌታ› ተብሎ አይጠራም!» አለ ባለቤቴ፣ ገና የግቢውን በር እንኳ ሳይዘጋው። እማማ በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው፣ ከትናንት የተረፈ ሩዝ በመዳፋቸው ይዘው ውሻውን ይለማመጡታል። «ብላ እንጂ የኔ ጌታ፣ ማን ይነካሃል?» ይሉታል። ውሻው ጥጃ ያክላል። ደረቱ ሰፊ ነው፣ አንገቱ ወፍራም፣ መንጋጋውን ያየ ሰው እጁን ኪሱ ይከታል። ሩዙን ግን የሚበላው እየፈራ፣ ዙሪያውን እየቃኘ፣ አንድ ጉርሻ በበላ ቁጥር ወደ ኋላ እያፈገፈገ ነው። «እንዲህ አሞላቅቀሽው ሌባ ሲመጣ ‹ቤት ለእንግዳ› ነው የሚለው» አለ ባለቤቴ። እማማ መዳፋቸውን አራግፈው ተነሡና ግንባሩን ሳሙት፤ የልጃቸውን ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ሌባ የእማማን ማድ ቤት ሰብሮ ገብቶ የጋዝ ሲሊንደሩን ከነጎማው፣ ካውያውን ከነሽቦው ይዞ ሄደ። እማማ ነቅተው ነበር፤ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ሁሉንም ሰሙ። ጠዋት ባለቤቴ መዝጊያውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ እናቱን አየና ፍርድ ሰጠ፤ ወይ ጠንካራ ውሻ፣ ወይ እኛ ቤት አራተኛ ፎቅ። ባለቤቴ የኢንሹራንስ ገማች ነው። የተጋጨ መኪና ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ይጠገናል» ወይም «አይጠገንም» ማለት ነው ሥራው፤ ሰውንም የሚያየው በዚያው ዓይኑ ነው።

እኔ ከውሻው ጎን ነበርኩ፤ ምን እዋሻለሁ። ቤታችን ሁለት መኝታና አንድ ሳሎን ነው፣ ሳሎኑን ደግሞ ሶፋው ወርሶታል። እማማን ስለምጠላ እንዳይመስላችሁ። እንደሳቸው ያለ ደግ አማት አላየሁም፤ ለነገሩ ሌላ አማትም የለኝም። ባለቤታቸው የሞቱ ሰሞን አንድ ሳምንት እኛ ጋ ሰንብተው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ቦርሳቸውን አቅፈው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሽንት ቤት ለመግባት ያስፈቅዱኛል። «እማማ፣ ቤትዎ እኮ ነው!» ስላቸው «አይ ልጄ፣ ቤቴስ እዚያ ነው» አሉኝ። ከሌባው በኋላ ደግሞ ሳህን አብረን ስናጥብ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጋዙን ወሰደ፣ ይውሰደው። እኔን ምን አለኝ? ምንም። ከተወለድኩ ብቻዬን ያደርኩት ዘንድሮ ነው፤ ደስ ይላል። ከዚህ ቤት እንዳያስወጣኝ ንገሪልኝ» አሉ። ነገርኩት። «ስሜት ነው፤ ስሜት አይገመትም» አለኝ ባለቤቴ። ወይ ጉድ፣ የሱ ነገር!

ውሻውን ያመጣው ከሥራ ባልደረባው ቤት ነው። ከመጣ ጀምሮ አንድም ቀን አልጮኸም። ድመት ሲያይ ውሃ ታንከሩ ሥር ይገባል። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ በዚህኛው ግን እናቱም የምታፍርበት ይመስለኛል። የቀድሞ ባለቤቱ ቦቢ ይለው ነበር። ባለቤቴ ዛሬ እሁድ ጠዋት ፊቱን እየተላጨ ሳለ ችግሩን አገኘሁት አለ፤ ስሙ ነው። «ግማሹ ውሻ ጥርስ ነው፣ ግማሹ ስም ነው። ሌባ በጨለማ ጥርስ አያይም፤ ስም ግን ይሰማል። አንቺ ራስሽ ቦቢ ብትባዪ ሰው ትነክሻለሽ?» አለኝ። እንደ ቀኑ ነው አልኩት። ይኸው ስም ልናወጣ መጣን።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ለእማማ ውሻ ግን ኮሚቴ ተቋቋመ። ሳሎን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። የባለቤቴ ታናሽ እህት የሒሳብ አስተማሪ ናት፣ ሁላችንም መምህርቷ ነው የምንላት፤ የፈተና ወረቀቷን ከምራ በቀይ እስክሪብቶ እያረመች ትሰማለች። እኔን ባለቤቴ «ባለሙያ» ብሎ አስተዋወቀኝ። እውነቱን ነው። የጥርስ ሐኪም ቤት ተራ ጠሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስም ስጣራ ነው የምውለው። ረጅም ስም ኮሪደር ላይ ይጠፋል፤ አጭርና ጎርበጥ ያለው ግን እስከ መንገድ ይሰማል። ደግሞም ስሙ ሲጠራ ማን እንደፈራ፣ ማን ፍርሃቱን እንደዋጠው ከአነሣሡ አውቃለሁ።

ነብሮ ተባለ። በዚሁ መንገድ ላይ ሦስት ነብሮ እንዳለ፣ አንደኛው ዓይኑ እንደማያይ እማማ ተናገሩ። ድማሚት ተባለ። «ፈንጂማ ግቢዬ አይገባም» አሉ እማማ፣ የምራቸውን። ታንክ ሲባል ድመት የምታሳድደው ታንክ አይሆንም ብዬ እኔው ጣልኩት። ከዚያ ባለቤቴ «በለው!» አለና ጠረጴዛውን በጡጫው መታ። «በለው ብለው ሲጣሩ የሰማ ጎረቤት ሰው ሲደበደብ መስሎት ሮጦ ይመጣል፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።»

«መጥቶ ያውቃል?» አለች መምህርቷ፣ ቀና ሳትል።

እማማ ሻይ ላምጣ ብለው ተነሡ፤ ሻዩ ግን ከፊታችን ነበር፣ ገና አልጠጣነውም። መልሰው ተቀመጡ። ባለቤቴ ስኳሩን ከሚገባው በላይ አማሰለ፣ አማሰለ፣ ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጠና ፊቱ በራ።

«ሻለቃ!» አለ።

ሻለቃ ማለት ሟቹ አማቴ ናቸው። አንድ ቀን ወታደር ሆነው አያውቁም። የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት ኃላፊ ነበሩ፤ ያረፈደውን በር ላይ የሚያንበረክኩ፣ ቁራጭ የጎማ ቱቦ በኮታቸው እጅጌ ሸጉጠው የሚዞሩ። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ቀስ በቀስ ሰፈሩም፣ ሚስታቸውም፣ ልጆቻቸውም ሻለቃ አሏቸው፤ እሳቸውም ወደዱት። እኔም መጀመሪያ የተዋወቅኳቸው ቀን «ጋሼ» ብላቸው ባለቤቴ በክርኑ ጎሸም አድርጎ አረመኝ።

መምህርቷ እስክሪብቶዋን ጣለች። «አባታችንን ውሻ ልታደርጋቸው ነው?»

«ላከብራቸው ነው እንጂ! ይሄ ስም ዛሬም መንገዱን ቀጥ ያደርገዋል። ስማቸው ቤታቸውን ይጠብቅ። ከዚህ በላይ ምን ሐውልት አለ?» አለ ባለቤቴ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቀልድ አይደለም፣ የምሩን ነው። እንደሱ አባቱን የሚወድ ሰው አላየሁም፣ በተለይ ከሞቱ ወዲህ። መምህርቷ ወደ እናቷ ዞራ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለቻቸው። እማማ የሻይ ብርጭቆውን ወደ ራሳቸው አስጠጉ። «እናንተ ካላችሁ» አሉ። በዚህ ቤት ነገር ሁሉ የሚያልቀው በዚህች ቃል ነው፤ ስሙም ጸደቀ።

ለምሳ ድንች ልንልጥ እኔና እማማ ማድ ቤት ገባን፤ ማድ ቤቱ ግቢው ውስጥ ለብቻው ነው። ባለቤቴ ስሙን ሊሞክር ወደ ግቢው በር ሄደ። ከአጥሩ ወዲያ ጋራዥ አለ፤ እሁድ የለ፣ በዓል የለ፣ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣሉ። በማድ ቤቱ መስኮት አጥሩን አልፎ እስከዚያ ድረስ ይታየኛል። ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገና «ሻለቃ!» ብሎ በአባቱ ድምፅ ጮኸ። መዶሻው ቀጥ አለ። ጸጉሩ የሸበተ አንድ መካኒክ፣ ምናልባት የልጅ ልጅ ያለው ሰውዬ፣ ሲጋራውን በድንጋጤ ከኋላው ደበቀ። ኋላ ነገሩ ሲገባው ራሱም ሳቀ፣ ጓደኞቹም ሳቁበት። ባለቤቴ ወርቅ ያገኘ ያህል ደስ ብሎት «አያችሁ? አያችሁ?» ይላል። ውሻው ታንከሩ ሥር ተኝቷል፤ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም።

እኔም እየሳቅኩ «እማማ፣ ሰውዬውን አዩት?» ብዬ ዞርኩ። እማማ ቢላዋውን አስቀምጠዋል። ቧንቧው ተዘግቷል። ሬዲዮኑ ጠፍቷል፤ መቼ እንዳጠፉት አላየሁም። ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ስበው፣ በግማሽ የተላጠ ድንች እንደያዙ፣ የሚገባው ሰው እንዲያልፍ መንገድ ለቀው ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ቆመዋል። በሥራዬ ስንት ሰው ሲነሣ አይቻለሁ፤ ጥርስ ሊነቀል የሚነሣ ሰው እንኳ እንዲህ አይነሣም።

«እማማ?» አልኳቸው።

«ምንም አይደል። እግሬ ደንዝዞ ነው፣ ቆም ልበል ብዬ» አሉና ድንቹን ቀጠሉ። ልጣጩ ከወትሮው ወፍራም ነበር።

ምሳ ከመቅረቡ በፊት ባለቤቴ እናቱን በረንዳ ላይ አቆማቸው። «እኔ ሁልጊዜ የለሁም፤ ጠሪዋ አንቺ ነሽ። ጋራዡ እስኪሰማ ጥሪው። ከጠራሽው ትኖሪያለሽ፣ አለዚያ ዛሬውኑ ከእኛ ጋር ትሄጃለሽ፤ ይሄ ቀልድ አይደለም እማዬ፣ ሌላ ቀን ገብተው ቢገድሉሽስ?» አለ። ለእሱ ፍቅር ነው። እማማ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ፣ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከሩ፤ «ሻለቃ» አሉ፣ ከጎናቸው ለቆምኩት ለእኔ እንኳ በቅጡ አልተሰማኝም። «ጮክ በዪ እንጂ!» አለ ልጅየው። ሦስተኛውን ሲሞክሩ ሻሻቸውን እንደገና ወደ ግንባራቸው ሳቡ።

«ተዋት» አለች መምህርቷ ከበሩ።

«ምኑን ነው የምተዋት? ስም መጥራት እኮ ነው!»

«ተዋት አልኩህ!»

ወንድምና እህት ተያዩ። በዚያ ዓይን ለዓይን መተያየት ውስጥ እኔ የማላውቀው፣ ሁለቱ ግን ልቅም አድርገው የሚያውቁት ነገር ነበር፤ አስረዱኝ ብል የሚያስረዳኝ እንደሌለ ገባኝ። ምሳውን በላን። ጨው አቀብዪኝ፣ ውሃ ጨምሪልኝ፣ ድንቹ በስሏል፣ ከዚያ ያለፈ ወሬ የለም። ባለቤቴ አፉን ጠርጎ ወጣና ከመኪናው ኋላ ተጣጥፎ የመጣ ካርቶንና ፕላስተር ይዞ ተመለሰ። ለካስ ከቤት ሲወጣ ግምቱን ጨርሶ ነው የመጣው! ቁምሳጥኑን ከፍቶ ብርጭቆዎቹን በጋዜጣ እየጠቀለለ መደርደር ጀመረ። እማማ መኝታ ቤት ገብተው ብርድ ልብሳቸውን ይዘው መጡና ሶፋው ላይ ማጣጠፍ ያዙ። አንጀቴን በሉት። አጠገባቸው ሄጄ በሹክሹክታ «እማማ፣ ስሙን እናስቀይረው። ቦቢ ይበሉት፣ እሱን እኔ አሳምነዋለሁ» አልኳቸው።

«አይ ልጄ» አሉኝ፣ ጫፍና ጫፉን እያገጣጠሙ። «ይሄን ስም በሹክሹክታ ነው የማውቀው። ‹ሻለቃ መጡ፣ ዝም በሉ። ሻለቃ ተኝተዋል፣ ቀስ በሉ።› ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም፤ አፌ ከየት ያምጣው?»

ዕቃ ስናመላልስ የሳሎኑ በር ክፍት ቀርቷል። ውሻው የድንቹ ሽታ ጠርቶት ይሁን፣ ግርግሩ ደስ ብሎት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ገባ። ምንጣፉን አሸተተ፣ ካርቶኑን አሸተተ፣ ሶፋው ጋ ደረሰና የብርድ ልብሱን ጫፍ በጥርሱ ያዘ። እማማ «ተው የኔ ልጅ» ብለው ወደሳቸው ሳቡ። ውሻው ወደሱ ሳበ። ሲስቡ፣ ሲስብ፣ ድንገት ለቀቀውና ደረቱን ነፍቶ እሳቸው ላይ ጮኸባቸው። ውሻ በበላበት ይጮሃል ማለት ለካ እንዲህም ኖሯል፤ በዚህ ቤት የመጀመሪያ ጩኸቱን የጮኸው ከእጃቸው ባበሉት ሴትዮ ላይ ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ጩኸቱ ግድግዳውን አነቃነቀው። እማማ ብርድ ልብሱን አቅፈው ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄዱ፤ ጀርባቸው ግድግዳ ነካ። ውሻው ተከተላቸው። ባለቤቴ ብርጭቆ በእጁ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ሻለቃ!» አሉ እማማ።

የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ ዘወር ብያለሁ። ውሻው ጩኸቱን ቆረጠ። ብርድ ልብሱ ከእጃቸው ወደቀ፤ አላነሡትም፣ ረግጠውት ወደ ፊት መጡ። «ሻለቃ! ውጣ! ውጣ ከቤቴ! ማን ላይ ነው የምትጮኸው? የኔ ቤት ነው፣ ውጣ ብዬሃለሁ!» ውሻው ጅራቱን ሸጉጦ በጓሮ በኩል መውጫ ፈለገ፣ አጣ፣ በዋናው በር ወጣ። እማማ በባዶ እግራቸው ተከተሉት። በረንዳው ላይ ቆመው፣ ጣታቸውን ወደ ታንከሩ ቀስረው፣ ሻሻቸው ትከሻቸው ላይ ወርዶ፣ ሽበታቸው ተበትኖ፣ «ሁለተኛ!» ብለው ጮኹ። «ሁለተኛ እጅህን ብታነሣብኝ! ልጆቼ ፊት እጅህን ብታነሣብኝ እቆርጠዋለሁ! ሰምተሃል ሻለቃ? እቆርጠዋለሁ!»

መዶሻው ከቆመ ቆይቷል። መካኒኮቹ ሁሉ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ያያሉ፤ የሚስቅ የለም።

ውሻ እጅ የለውም። ሁላችንም እናውቃለን። ማናችንም አላረምናቸውም።

መምህርቷ በሩ መቃን ላይ ተደግፋ ድምፅ ሳታወጣ ታለቅሳለች። ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ «አባቴ ቁጡ ነበሩ እንጂ ክፉ አልነበሩም» ይለኛል፤ ስለሳቸው ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚላት ይህችኑ ቃል ነው። አሁንም ልማዱ ነውና «አባቴ…» ብሎ ጀመረ። ከዚያ አልሄደለትም። የዚህ ሰውዬ መኝታ ክፍል በልጅነቱ ከእናትና አባቱ ክፍል ጋር በአንድ ስስ ግድግዳ የተለየ ነበር። እንደዚያ ሆኖ ሳየው አዘንኩለት፤ ደግሞ ተናደድኩበት። ለእማማ ግን ልቤ ተሰበረ፣ ምን ልበላችሁ።

እማማ ትንፋሻቸው እስኪመለስ የበረንዳውን ብረት ይዘው ቆሙ። ከዚያ ሻሻቸውን አስተካከሉና ወደኛ ዞሩ።

«ጠራሁት። ሰማችሁ?» አሉ።

«ሰማን፣ እማዬ» አለ ባለቤቴ።

«እንግዲያው ብርጭቆዎቼን መልስልኝ።»

መለሰላቸው። አንድ በአንድ ጋዜጣውን እየገለጠ፣ ከየነበሩበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ። እማማ ከኋላው ቆመው «ይሄ ከላይ ነው፣ ያ ከትልቁ ጎን» እያሉ ያዝዙታል፤ ቀና ብሎ አላያቸውም። እኔ ብርድ ልብሱን አራግፌ አልጋቸው ላይ አነጠፍኩ። መምህርቷ ፊቷን ታጥባ መጥታ ወረቀቷን ማረም ቀጠለች። ካርቶኑ ባዶ ሲሆን ባለቤቴ አጣጥፎ ብብቱ ሥር ያዘውና ደጃፉ ላይ ቆሞ አመነታ።

«መኪናው ላይ ልጫነው?» አለ።

«ተወው» አሉ እማማ። «ከግቢው በር ሥር አንጥፈው። ሻለቃ ውጭ ይተኛበታል።»

ባለቤቴ ካርቶኑን ይዞ ወጣ። ከበሩ ሥር ተንበርክኮ አነጠፈው፤ ንፋስ እንዳያነሣው በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ ጫነበት። ውሻው ከታንከሩ ሥር ቀስ ብሎ ወጥቶ መጣና ተኛበት።